ድምፅን መዋጥ፣ ማገድና ማርገብ፦ ለሕንፃ ስለሚውሉ የዕፀዋት ቁሳቁሶች የስያሜ ሐተታ

ክረምት በገባ ቁጥር፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሁኔታ አለ። ዝናቡ ሲጠነክር ትምህርቱ ይቋረጣል፤ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ቃሉ አይሰማም፤ ተማሪዎቹም እስኪያባራ ድረስ ደብተራቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። እዚያው አጠገብ ባለው የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ግን ያው ዝናብ ከሹክሹክታ አይበልጥም። ሣሩ ምን አደረገ? ድምፁን «ዋጠው» እንበል፣ «አገደው» እንበል፣ ወይስ «አረገበው»? በዕለት ተዕለት ንግግር ከሦስቱ ማንኛውንም ብንል የሚጎዳ ሰው የለም። በሙያ ጽሑፍ ግን ሦስቱ ግሦች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ይገባቸዋል፤ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ተርጓሚ ግንበኛውን ለሥራው የማይሆን ቁሳቁስ ያስገዛዋል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአነስተኛ ወጪ ስለሚሠሩ ሕንፃዎች የምታስረዳ አንዲት ትንሽ መምሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። በመምሪያዋ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስያሜዎች ነበሩ። አንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚንከባለለውን ድምፅ የመቀነስን ጠባይ የሚያመለክት ሲሆን፣ ሁለተኛው ድምፅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ የመያዝን ጠባይ የሚያመለክት ነበር። ልዩነቱ ጥቂት መስሎኝ ሁለቱንም «ድምፅ መከላከል» ብዬ አለፍኳቸው። መምሪያዋ የደረሰችው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ከወፍጮ ቤት ጋር በግድግዳ የሚጎራበት ክፍል ነበረው። በመምሪያዋ «ድምፅን በሚገባ ይከላከላል» ተብሎ የተመሰገነውን 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቃጫ ንጣፍ አሠርተው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። የአሠልጣኙ ንግግር ከቀድሞው ይልቅ ጠርቶ ተሰማ፤ ወፍጮው ግን ትንሽ ለዘብ ያለ ቢመስልም እንደ ወትሮው ያጓራ ነበር። ጠርተው ያሳዩኝ ኃላፊ ያሉኝ «መጽሐፍዎ ያለውን ነው ያደረግነው» ብቻ ነው። ጥፋቱ የቃጫውም የአናጢውም አልነበረም።

እንግዲህ ከፅንሰ ሐሳቡ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1895 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ የንግግር አዳራሽ አሠርቶ ንግግር የማይሰማበት ሆነ። አዳራሹ በፎግ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ውስጥ የሚገኝ ነበር። ጉዳዩን እንዲመረምር የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ሌሊት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያሰማ፣ ድምፁ ከቆመ በኋላ ጆሮ የሚይዘው ትራፊ ምን ያህል እንደሚቆይ ለካ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆያል፤ ማለት የመጀመሪያው ቃል ሳይጠፋ ብዙ ቃላት ይደራረቡበታል። ከዚያም ሳንደርስ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቲያትር የወንበር ትራሶች እያስመጣ ደረደረ፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር ትራፊው ድምፅ አጠረ፤ በመጨረሻም ከ1 ሰከንድ ጥቂት ወደሚበልጥ ጊዜ ወረደ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ቀመር ዛሬም ያገለግላል። በሜትር ሥርዓት የክፍሉ ይዘት በ0.161 ተባዝቶ ክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ ዋጭ ስፋት ሲካፈል የትራፊው ድምፅ ዕድሜ በሰከንድ ይገኛል። የዋጭነት መስፈሪያው ደግሞ ክፍት መስኮት ነው፤ በክፍት መስኮት የወጣ ድምፅ ስለማይመለስ ክፍት መስኮት 1፣ ሁሉን የሚመልስ ገጽ 0 ይባላል።

በአኀዝ ለማየት 8 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ባዶ የመማሪያ ክፍል እናስብ። ይዘቱ 144 ኪዩቢክ ሜትር፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የጣራው ስፋት በድምሩ 180 ካሬ ሜትር ነው። ሁሉም ልሙጥ ልስን ሆኖ የመዋጥ መጠኑ 0.03 ቢሆን ጠቅላላ ዋጩ 5.4 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያክላል፤ ትራፊው ድምፅም ከ4 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ኮርኒሱ ብቻ 0.7 በሚውጥ የጭረት ሰሌዳ ቢሸፈን ዕድሜው ወደ 0.6 ሰከንድ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ለሚነገረው ንግግር የሚሆን ለውጥ ነው።

ለዚህ ትራፊ ድምፅ አማርኛ ውብ ቃል አለው፤ ሆኖም የውብ ቃል ፈተናም አለበት። «ገደል ማሚቶ» የምንለው ተነጥሎ የሚመለሰውን፣ ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላ ቃሉን ደግሞ የሚጠራውን ድምፅ ነው። በአዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ግን ብዙ መመለሶች ተደራርበው እንደ አንድ ረዥም ጅራት ሲጎተቱ ነው። ስለዚህ «ገደል ማሚቶ» ለመጀመሪያው ተጠብቆ፣ ለሁለተኛው «ማስተጋባት» ቢባል፣ ጊዜውም «የማስተጋባት ዕድሜ» ቢሰኝ መደናገሩ ይቀራል። ሁለቱንም «ማሚቶ» የሚሉ ትርጉሞች አሉ፤ ገደል የሌለበት አዳራሽ ገደል ማሚቶ ሲኖረው አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ግሥ እንምጣ። ቃጫ፣ ጭድ፣ ጥጥ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ድምፅን የሚቀንሰው በሰውነቱ ውስጥ ባሉት፣ እርስ በርስ በተያያዙና ወደ ውጭ ክፍት በሆኑ ቀዳዳዎች አማካይነት ነው። የድምፅ ሞገድ አየሩን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ አየሩ ከጭረቶቹ ጋር ይፋተጋል፤ የድምፁ ኀይልም እጅግ ጥቂት ወደሆነ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህ ድርጊት በብዙ ጽሑፍ የተለመደው «መምጠጥ» ነው። ቃሉ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም የመጠጠ ነገር የመጠጠውን ይዞ ይቆያል። ስፖንጅ የመጠጠውን ውሃ ስንጨምቀው ይመልሰዋል። «ድምፅ መጣጭ» የሚለውን ያነበበ ሰው «ሲሞላስ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ አንድ ተማሪም እንዲሁ ጠይቆኛል። የተዋጠ ነገር ግን ጠባዩን ለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ «መዋጥ» ከሁኔታው ጋር ይበልጥ ይስማማል የሚል አስተያየት አለኝ።

ተቃውሞ የለውም አልልም። «የሰልፈኛው ጩኸት ንግግሩን ዋጠው» ስንል ዋጩ ቁሳቁስ ሳይሆን ሌላ የበረታ ድምፅ ነው፤ ይህም በሙያው የራሱ ስም ያለው ሌላ ክሥተት ነው። ለእሱ «መሸፈን» የሚለውን ብንመድብ፣ «ድምፅን ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ድምፅን ቃጫ ይውጠዋል» ብሎ መለየት ይቻላል። «ማፈን» የሚለውን ግን አልደግፍም። የመሣሪያንም ድምፅ፣ የሰውንም አፍ፣ የሕዝብንም ሐሳብ የሚያፍን ቃል ስለሆነ በኮርኒስ ላይ ሲውል ከሚገባው በላይ ይከብዳል።

የአማርኛ ተናጋሪ ድምፅን «ወፍራም» እና «ቀጭን» ብሎ መለየቱ በዚህ ላይ ሳይታሰብ የሚያግዝ ሆኖ ይገኛል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ደግሞ 3.4 ሜትር ያህል ነው። ጭረታማ ቁሳቁስ አጥብቆ የሚውጠው ውፍረቱ፣ ከበስተኋላው ካለው ክፍተት ጋር፣ ወደ ሞገዱ ሩብ ሲጠጋ ነው፤ ይህም ለመጀመሪያው 8.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለተኛው 86 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በአጭሩ፣ ወፍራም ድምፅ ወፍራም ዋጭ ይሻል። ሰሌንና ጅባ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ለቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይረዳሉ፤ ለወፍጮ ማጓራት ግን ከጌጥነት አያልፉም። ተርጓሚው «ቀጭን» እና «ወፍራም» የሚሉትን ትቶ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ ድምፅ» ካለ፣ አንባቢው የድምፁን ብርታት የሚናገር ይመስለዋልና ይህ ሁሉ ትርጉም ያጣል።

የቁሳቁሶቹ ስም ከግሦቹ የበለጠ ችግር አለበት። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁሉንም የሚያጠቃልለውን ቃል ብዙዎቻችን «ፋይበር» ብለን እንዳለ እንወስደዋለን። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ሰው ፋይበር ማለት የውሃ ማጠራቀሚያው ታንከር፣ የተሽከርካሪው መከላከያና የስልኩ መስመር ነው፤ በቅርቡ ደግሞ የምግብ ክፍል ሆኗል። «የተፈጥሮ ፋይበር ይጠቀሙ» ተብሎ የተጻፈለት ሠራተኛ ከቃጫ ይልቅ ፕላስቲክ ፍለጋ ቢሄድ አያስገርምም። ለእያንዳንዱ ክር መሰል አካል «ጭረት»፣ ከተክል ተፍቆ ለሚወጣውና ገመድ ለሚሆነው «ቃጫ» ማለት የሚሻል ይመስለኛል። ቃጫ ራሱ ግን ሁለት ምንጭ አለው። በደቡብ ከእንሰት ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈውም ቃጫ ነው፤ ሲሳል ከሚባለው ቅጠለ ወፍራም ተክል የሚወጣውም ቃጫ ነው። ገመድ ለሚገምድ ሰው ልዩነቱ ላያስጨንቀው ይችላል፤ የላቦራቶሪ ውጤት የሚተረጉም ሰው ግን «የእንሰት ቃጫ»፣ «የሲሳል ቃጫ» ብሎ መለየት ግዴታው ነው፤ የጭረቱ ቅጥነትና የቁሳቁሱ ጥቅጥቅነት የመዋጥን መጠን ይለውጣሉና። ከኮኮናት ቅርፊት የሚወጣውም «የኮኮናት ቃጫ» ቢባል ይገባዋል። «ጁት» ለሚባለው ተክል «ጆንያ» ማለት ግን የተሠራውን ዕቃ ለተሠራበት ነገር መስጠት ነው።

በገለባ ቤተሰብ አማርኛ ሀብታም ነው፤ ይህን ሀብት ግን በትርጉም ላይ ስናባክነው እታዘባለሁ። ጭድ፣ ገለባ፣ እብቅ፣ ድርቆሽ፣ አገዳ፣ ሰንበሌጥ እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ናቸው። ድርቆሽ ለከብት ታጭዶ የደረቀ ሣር ነው፤ እህል ከተወቃ በኋላ የሚቀረው ጭድ ነው። እንግሊዝኛውም እነዚህን ሁለቱን በሁለት ቃል ሲለይ፣ ተርጓሚው ሁለቱንም «ሣር» ብሎ ሲደፈድፋቸው ማየት ያሳዝናል። ድርቆሽ ፍሬና ቅጠል ስላለበት ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል፤ ለግድግዳ የሚመከረው ጭድ ነው። በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት፣ እንጨት በማይገኝበት አሸዋማ አገር፣ ሰፋሪዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በመኪና የታሰረ ጭድ እንደ ጡብ እየደረደሩ ቤት ሠርተዋል። ያንን እስር «ነዶ» ብለው የተረጎሙ አሉ። ነዶ ግን አጫጁ በእጁ የሚያስረው፣ ዛላው ያልተወቃ እህል ነው፤ ነዶውን ግድግዳ ውስጥ የሚገነባ ገበሬ አይገኝም። «የጭድ እስር» ማለት ይበቃል፤ የመርካቶ ነጋዴ «ቦንዳ» ቢለውም እቀበለዋለሁ።

«የእንጨት ሱፍ» የሚለውን ደግሞ እንመልከት። ቃል በቃል የተተረጎመ ነው፤ ነገሩ ግን እንደ ረዥም ክር ተፍቆ በሲሚንቶ ወይም በማግኔዚት የተያያዘ እንጨት ሲሆን በኦስትሪያ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ለግድግዳና ለኮርኒስ ሰሌዳ ይሠራበታል። አማርኛ «ሱፍ» ብሎ የበግ ጠጉሩንም ጨርቅ፣ የሚበላውንም ፍሬ ስለሚጠራ «የእንጨት ሱፍ» ሦስተኛ እንቆቅልሽ ይጨምራል። አናጢው ከመላጊያው ሥር የሚወድቀውን «ፍቅፋቂ» ይለዋል፤ ደቃቁንም ከጣልያንኛ በወረሰው ቃል «ሳጋቱራ» ይለዋል። ስለዚህ «የፍቅፋቂ ሰሌዳ» ቢባል ሠራተኛው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በኢንዱስትሪ ታሪክ ስሙ የሚነሣው ተጨምቆ የቀረው የሸንኮራ አገዳ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሉዊዚያና ግዛት ሴሎቴክስ የተባለው ድርጅት ይህን ተረፈ ምርት እያደቀቀና እየጠፈጠፈ ሰሌዳ ሠራ፤ ገጹን በቀዳዳ እየበሳም ድምፅ ለሚውጥ ኮርኒስ ሸጠ። በእኛ አገር የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ይኸንኑ ነገር «ባጋስ» ይሉታል፤ የሚያውቁትም በይበልጥ እንደ ቦይለር ማገዶ ነው። ቃሉ በሥራ ቦታ የተለመደ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ሊነፍገው አይገባም። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የቦስተኑ ሳሙኤል ካቦት ከባሕር ዳር የሚሰበሰበውን ደረቅ የባሕር ሣር በሁለት ወረቀት መካከል አስፍቶ እንደ ድሪቶ ብርድ ልብስ ይሸጠው ነበር፤ በግድግዳና በወለል ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ «የባሕር አረም» ወይም «አልጌ» የሚል ትርጉም ስሕተት ነው። ተክሉ ሥርና አበባ ያለው፣ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል እውነተኛ ተክል ነውና «የባሕር ሣር» ይባል።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ እንመለስ። ድምፅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ ክብደት ነው። ነጠላ ግድግዳ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የማገድ አቅሙ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ የሚመዝን የቃጫ ንጣፍ እንውሰድ። በሌላ በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ፣ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር 1600 ኪሎ ቢታሰብ፣ በካሬ ሜትር 320 ኪሎ ይመዝናል። ከ5 ወደ 320 ለመድረስ ስድስት ጊዜ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ስድስት ጊዜ ስድስት 36 ዴሲቤል ነው። መልካም ዋጭ የሆነው ንጣፍ ብቻውን ደካማ አጋጅ የሚሆነው፣ አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳማ ነገር በመሆኑም ጭምር ነው። ዋጭ የሚያደርገው ጠባይ ራሱ አጋጅ እንዳይሆን ያደርገዋል። በመምሪያዬ አንድ ቃል ለሁለቱ መስጠቴ የከፋው ስለዚህ ነው።

«ማገድ» የሚለውን የመረጥኩት ወራጅ ውሃን ከማገድ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከባድ ግድግዳም ድምፁን አብዛኛውን ወደመጣበት ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። «መከላከል» ከጠላትና ከበሽታ ጋር ስለተቆራኘ ውጤቱን እንጂ አሠራሩን አይገልጽም። «ድምፅ ከልካይ» የሚለውን ሞክሬ ተውኩት፤ ድምፅ በምርጫ ጊዜ የሚሰጥም ነገር ስለሆነ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። «ጸጥታ ሰጪ» የሚለውም፣ «ጸጥታ አስከባሪ» ማን እንደሆነ ሁላችን ስለምናውቅ፣ እንዲሁ ይቅር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ድምፅ የማያሳልፍ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛ በአንዲት ቅጥያ የሚገልጸውን አማርኛ በአሉታዊ አንቀጽ ይገልጸዋል፤ «ውሃ የማያስገባ»፣ «ጥይት የማይበሳው»፣ «እሳት የማይበላው» እንላለን። የቋንቋው ጠባይ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን አሉታው ፍጹም ተስፋ ይሰጣል፤ ድምፅን ከቶ የማያሳልፍ ግድግዳ ደግሞ የለም፤ ያለው በ30፣ በ45 ወይም በ60 ዴሲቤል የሚያግድ ግድግዳ ነው። «በ45 ዴሲቤል ድምፅ አጋጅ» ማለት ይቻላል፤ «በ45 ዴሲቤል ድምፅ የማያሳልፍ» ማለት ግን ሰዋስውም ሒሳብም አይፈቅደውም። በጭድና በቃጫ ላይ የሚቀባውን መድኀኒት በተመለከተም እንዲሁ ነው። ቦራክስ የተረጨ ቃጫ «እሳት የማይበላው» አይሆንም፤ እሳቱን ያዘገየዋል እንጂ። «እሳት አዘግዪ» በሚለው ፈንታ «የማይበላው» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ሻማ ለሚበራበት አዳራሽ ምን እንደጻፈ ደግሞ ያስብበት። ስለ ምስጥም ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የአገራችን ጭቃ ቤት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚገመተው በላይ ያስተምራል። በማገሩ ላይ የሚመረገው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ጥቂት ቀናት ቦክቶ የሚሠራ ነው። ጭዱ ድምፅን ይውጣል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ በጭቃ ተደፍኖ አየር የማይገባበት ጭድ ግን የሚውጠው እጅግ ጥቂት ነው። የጭዱ ሥራ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ይህ ደግሞ ለድምፅ ታላቅ ነገር ነው፤ ከግድግዳው ስፋት አንድ በመቶው ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ቀሪው ምንም ያህል ከባድ ይሁን፣ ግድግዳው በጠቅላላው ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊያግድ አይችልም። ስለዚህ «ጭድ ድምፅ ያግዳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ምርጊት ከተነገረ በዚህ ምክንያት እውነት ነው፤ ስለ ልቅ ጭድ ከተነገረ ሐሰት ነው። የነብራስካው ዐይነት የጭድ እስር ግድግዳ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ከውጭና ከውስጥ የተለሰነው ከባዱ ቅርፊት ያግዳል፤ መካከል ያለው ልል ጭድ ሁለቱን ቅርፊቶች ከማለያየቱም በላይ በመካከላቸው የሚንከባለለውን ይውጣል። አንዱ ግድግዳ ሁለት ግሥ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ግሥ የሚያስፈልገን ለወለል ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት ሲራመድ የሚሰማው ድምፅ በአየር ሳይሆን በራሱ በሕንፃው አካል ውስጥ የሚመጣ ነው። ጀርመንኛ «ትሪትሻል» ብሎ በእርምጃ ስም ይጠራዋል፤ እኛም «የኮቴ ድምፅ» ብንል ከቋንቋችን ሳንወጣ ፅንሰ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እናገኘዋለን። ተጓዳኙን «አየር ወለድ ድምፅ» ያሉ አሉ፤ ነገር ግን አየር ወለድ በጃንጥላ የሚወርድ ወታደር ስለሆነ «በአየር የሚመጣ ድምፅ» ይሻላል። ለኮቴ ድምፅ መድኀኒቱ መዋጥም ማገድም አይደለም፤ የሚመታውን ነገር መቀበልና መርገብገቡን ማለዘብ ነው። «ማርገብ» የተወጠረ ጅማትንም፣ የተቆጣ ሰውንም ለማለዘብ የሚነገር ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ቡሽ የሚገባው እዚህ ነው። በብዙ ትርጉሞች ቡሽ «ድምፅ መጣጭ» ተብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ በአጉሊ መነጽር አይቶ ትንንሽ ክፍሎች ብሎ የሰየማቸው፣ እኛም ኋላ «ሕዋስ» ያልናቸው፣ የቡሽ ክፍሎች ነበሩ። እነዚህ ክፍሎች ዝግ ናቸው፤ ቡሽ ጠርሙስ የሚደፍነውም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ስለዚህ ነው። ዝግ በመሆናቸው አየር አይመላለስባቸውም፤ እንግዲያው ቡሽ እንደ ቃጫ አይውጥም። ተጨምቆ የሚመለስ ልስልስ አካል ስለሆነ ግን ከወለል ሥር ቢነጠፍ የኮቴን ድምፅ ያረግባል። «ቡሽ ድምፅ ዋጭ ነው» ብሎ ኮርኒስ ላይ ያስለጠፈ ተርጓሚ የእኔን የወፍጮ ቤት ስሕተት ገልብጦ ደገመው ማለት ነው።

የሣር ክዳኑም መልስ አሁን ይታያል። ቆርቆሮ በጠብታ ሲመታ እንደ ከበሮ ሌጦ ይርገበገባል፤ ድምፁን የሚፈጥረው ራሱ ነው። ሰንበሌጥ ግን ጠብታውን ተቀብሎ ይለዝበዋል፤ ድምፁ ገና ሳይፈጠር ይረግባል። ውፍረቱ ከተፈጠረው ጥቂቱን ይውጣል፤ በማገድ በኩል ግን ቀላልና ቀዳዳማ ስለሆነ ደካማ ነው፤ በጎጆ ውስጥ የሚወራው ደጅ ላለ ሰው እንደሚሰማ ያውቅ የነበረ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ቆርቆሮውን ሳያነሡ ከሥሩ የቃጫ ወይም የፍቅፋቂ ኮርኒስ መሥራት ክፍሉን ያሻሽላል፤ ቆርቆሮው ራሱ ከጀርባው አርጋቢ ነገር ቢለጠፍበት ግን ችግሩ ከምንጩ ይቀንሳል።

አንድ ቃል ቀርቶኛል። በፈረንሳይ ከ20ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የሄምፕን አገዳ ሰባብሮ ከኖራ ጋር በማቡካት ግድግዳ መሙላት ተለምዷል። ገጹ ሳይለሰን ሲተው መልካም ዋጭ ነው። ይህን «የሐሺሽ ግድግዳ» ብሎ የተረጎመ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ተክሎቹ በአንድ ዘር ስም የሚጠሩ ቢሆኑም ለጭረቱ የሚዘራው ዐይነት የሚያሰክረውን ነገር እጅግ ጥቂት ብቻ የያዘ ነው፤ ስለዚህ «ሄምፕ» ብሎ ስሙን እንዳለ መውሰድ በዚህ ጊዜ ከመተርጎም ይሻላል።

የመምሪያዋ ሁለተኛ እትም ሲዘጋጅ «ድምፅ መከላከል» ከነበረበት ከየገጹ ወጥቶ እንደየቦታው «መዋጥ»፣ «ማገድ» ወይም «ማርገብ» ተተክቶበታል። በሁለት ቦታ ላይ ዋናው ጽሑፍ ራሱ ሁለቱን ስለደባለቀ በግርጌ ማስታወሻ አስተካክዬዋለሁ። ማሠልጠኛው የቃጫውን ንጣፍ ከግድግዳው አንሥቶ ኮርኒሱ ላይ አድርጎታል። ከወፍጮ ቤቱ በኩልም ከቀድሞው ግድግዳ ራቅ ብሎ ሁለተኛ የጭቃ ግድግዳ ተመርጓል፤ በመካከሉም ልል ጭድ ገብቶበታል።